ዙሌይካ ያልተረጎመችው

«ስታረግዝ ግቢውን ሙሉ ትሮጣለች፣ ስትወልድ አልጋ ትይዛለች። ወላሂ፣ ይሄ በሽታ ነው ወይስ ስንፍና?»

ዙሌይካ ይህን ያለችው ለጎረቤቷ ለአበዛሽ ነው፤ በማለዳ፣ የውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆማ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌያለሁ ብላ። የዙሌይካ ዝቅ ያለ ድምፅ ግን የሌላው ሰው ጩኸት ነው። በዚያ ላይ የጅቡቲው ሰፈር የካርቲየ ሰባት ቤት ጣውላና ቆርቆሮ ነው፤ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላው ቤት «ይማርሽ» ይባላል። የወንድሟ ሚስት ሙሚና ከቆርቆሮው ወዲህ፣ ፍራሽ ላይ እንደተጋደመች እያንዳንዷን ቃል ሰማች። አበዛሽ «ኧረ ተይ እባክሽ፣ በሰው አይፈረድም» ስትልም ሰማች። ዙሌይካ ግን ገና መጀመሯ ነበር። «ሐሙስ ከይረዲን ሲመጣ እነግረዋለሁ። ድሬዳዋ ይውሰድና ለእናቷ ያስረክባት። ልጅቷ ግን ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም። እዚያ ማን ሊያነሳት ነው?» ከዚያ የበርሜሉ ክዳን ተከደነ፤ ወሬውም አብሮ ተከደነ።

ሙሚናን ያንገበገባት ዙሌይካ አለመዋሸቷ ነው። ነገሩ ልክ እንዳለችው ነበር። ካገባች በኋላ አንድ ዓይኗ ጭጋግ ለበሰ፣ ቀጥሎ ግራ እግሯ የሰው እግር ሆነባት፤ እየጎተተች ነበር የምትሄደው። ከዚያ አረገዘች። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ እግሩ ቀለላት። የዚያን ዓመት ረመዳን ሳምቡሳ ስትጠብስ ስታመሽ፣ ውሃ ስትሸከም፣ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ስታውካካ አይታ ዙሌይካ ራሷ «እርግዝና ተስማማት» እያለች ታወራ ነበር። ልጅቷ ኢማን ተወለደች። ኢማን አንገቷን ማጽናት ስትጀምር የእናቷ ጉልበት ከዳት። አንድ ቀን ልጇን አቅፋ ከበሩ ወደ ፍራሹ ስትሻገር እግሯ ድንገት ጠፋ፤ አብረው ወደቁ። ልጅቷ ደንግጣ ከማልቀስ በቀር ምንም አልሆነችም። ዙሌይካ ግን ሮጣ መጥታ ሕፃኗን ከእጇ ነጠቀችና ወደ ራሷ ክፍል ወሰደቻት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ኢማን የምታድረው አክስቷ ዘንድ ነው። አሁን ልጅቷ መራመድ ጀምራለች። የምትራመድ ልጅ ደግሞ ቁጭ ያለች እናት አትወድም፤ መጥታ ጭኗን መታ መታ ታደርግና ወደሚሮጠው ሰው ትሄዳለች።

የበሽታው ስም ራሱ መሳቂያ ሆኖ ነበር። ባሏ ከይረዲን የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከሞጆ ጅቡቲ ይመላለሳል። መጀመሪያ ያያት ሐኪም በፈረንሳይኛ «ስክሌሮዝ አን ፕላክ» ሲል፣ ከይረዲን ከቃላቱ ያወቀው አንዱን ብቻ ነበር። ወደብ በር ላይ ፖሊሶቹ በቀን አሥር ጊዜ «ላ ፕላክ! ላ ፕላክ!» ይሉታል፤ ታርጋህን አሳይ ማለታቸው ነው። እናም ለጓደኞቹ «ሚስቴን ታርጋ አሟታል» ብሎ አወራ። ሹፌሮቹ እየሳቁ «የትኛው ኮድ ነው? ሦስት ነው ወይስ አራት?» አሉት። እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ብቻውን እንዳለቀሰ ለሙሚና የነገራት ቆይቶ ነው። ጥሩ ሰው ነው ከይረዲን። ችግሩ እሱ የሚያድረው መንገድ ላይ፣ ቤቱን የምትመራው ደግሞ እህቱ መሆኗ ነው። አባትና እናቱ ሲሞቱ በሰው ቤት ሠርታ ያሳደገችው እሷ ናት፤ በእሷ ቃል ላይ ቃል ጨምሮ አያውቅም።

የዚያን ቀን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። ከፈረንሳይ የመጣ የነርቭ ሐኪም ለጥቂት ቀናት በሽተኛ ያያል ተብሎ ከይረዲን በስልክ ወረፋ አስይዞ ነበር። ሁለቱም ሴቶች መሄድ ፈልገዋል፤ የፈለጉት ግን ለየቅል ነው። ዙሌይካ ሐኪሙ «ምንም የለባትም» ብሎ እንዲገላግላት፣ ሙሚና ደግሞ «አለባት» ብሎ እንዲመሰክርላት። ሰው ታመሻል መባልን ይመኛል? ሙሚና ተመኘች። ልጇን ትታ መሄድ ከሁሉም በላይ አስፈርቷት ነበር፤ ሐኪም አፉን ሞልቶ ከተናገረ ቢያንስ ዙሌይካ ሐሙስ ዕለት የምትለው ታጣለች ብላ አሰበች። ኢማንን ለአበዛሽ ትተው ወጡ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን አንስቶ ፊት ላይ ይደፋል። ሙሚናን ሙቀት ይጥላታል። ገና ከግቢው ሳይወጡ እግሯ መቅለጥ ጀመረ። ዙሌይካ ብብቷ ሥር ገብታ እያስደገፈች፣ ከታክሲው ሹፌር ጋር በሶማሊኛ እየተጨቃጨቀች፣ ነፋሱን እየረገመች አደረሰቻት።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ድሪዕ የሚባለውን ስስ ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች፣ ዱላ የተደገፉ የአፋር ሽማግሌ፣ ጭንቅላቱን በሻሽ የጠቀለለ ወጣት አሉ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል፤ ነፋሱ ግን እነሱ ዘንድ አይደርስም። ሙሚና ጠዋት የሰማችውን መስማቷን አልተናገረችም፤ ዙሌይካም ሳትሰማ አትቀርም ብላ ጠርጥራለች፤ አልጠየቀችም። አንድ ቤት እየበሉ፣ አንድ ባልዲ ውሃ እየተካፈሉ የኖሩ ሁለት ሴቶች እንደማይተዋወቁ መንገደኞች ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ እያዩ ቆዩ። አንዴ ብቻ ዙሌይካ የሻሿን ጫፍ አንስታ ራሷን ስታራግብ የሙሚናን ላብ አየችና እጇ ወደዚያ ሄደ፤ ጥቂት አራገበችላትና እጇን እንዳፈረ ሰው ሰብሰብ አደረገች። «ሰማንያ ፍራንክ ነበር ድሮ ከእኛ ሰፈር እዚህ ድረስ» አለች ስለ ታክሲው፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሙሚና «እህ» አለች።

ዙሌይካ ፈረንሳይኛ የተማረችው ማዕድ ቤት ነው። ከወጣትነቷ ጀምሮ በፈረንሳይ ወታደሮች ቤት ስታበስልና ልጅ ስታሳድግ ኖራለች፤ ቋንቋውን ከድስቱ ጋር ነው የቀዳችው። ሰፈር ውስጥ ላለው ሐበሻ ሁሉ አስተርጓሚ እሷ ናት፤ ፖሊስ ጣቢያ እሷ፣ ማዋለጃ ቤት እሷ። «የካርቲየ ሰባት ሐበሻ በሙሉ የታመመው በእኔ አፍ ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሐኪሙ ቀይ ፊት ያለው፣ ሙቀቱ ከሙሚና እኩል ያደከመው ቀጭን ሰው ነበር። ጉልበቷን በጎማ መዶሻ መታ መታ አደረገ፣ ዓይኗን በመብራት አየ፣ ተራመጂ አላት። ከዚያ ከይረዲን አምና አዲስ አበባ ወስዶ ያስነሳትን የጭንቅላት ፊልም መስኮቱ ላይ ለጥፎ ዙሌይካን ጠራትና በጣቱ አሳያት። ግራጫው መሐል ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ዙሌይካ አፍንጫዋ ፊልሙን ሊነካ እስኪደርስ ቀርባ አየች። ሁለት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሁለት ጊዜ መለሰላት። ዞር ብላ ሙሚናን ያየቻት በሌላ ዓይን ነበር።

«ፕላክ የሚሉት እነዚህን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጠባሳ ነው። የገዛ ሰውነትሽ ጭንቅላትሽን እየበላው ነው።» ይህ ክፉ ዜና ነው። ሙሚና ግን ሰውነቷ በሙሉ እፎይ ሲል ተሰማት፤ እንባዋም መጣ። ሐኪሙ ደንግጣ የምታለቅስ መስሎት ውሃ ሰጣት።

ዙሌይካ እጅ መስጠት አትወድም፤ የመጨረሻ ጥያቄዋን አወጣች። እንዲህ ከሆነ ስታረግዝ ለምን ተሻላት? ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ድካሙ ጠፋ። ስለ ተወለደበት መንደር የጠየቁት ሰው ይመስል ወንበሩን ጠጋ አድርጎ በሰፊው ያስረዳ ጀመር። ዙሌይካ እየተከታተለች ተረጎመች። ሐኪሙ «ኦርሞን» ባለ ቁጥር እሷ «ቅመም» አለች፤ ለሆርሞን ከማዕድ ቤት ያገኘችው ቃል እሱ ነበር። «ስታረግዢ ሰውነትሽ አንድ ቅመም ይሠራል ነው የሚለው። ሰውነት ጠባቂ ወታደሮች አሉት፤ ያንቺዎቹ አብደው የገዛ ቤታቸውን ነው የሚመቱት። እርጉዝ ስትሆኚ ግን ሆድሽ ያለውን ልጅ እንደ ባዕድ ቆጥረው እንዳይመቱት ያ ቅመም ያስተኛቸዋል። እነሱ ሲተኙ አንቺም ዐረፍሽ። አሜሪካና ሌላም አገር ያንን ቅመም በኪኒን አድርገው በሽተኞች ላይ እየሞከሩት ነው፤ አንዳንዶቹን አሽሏቸዋል ይላል።»

«ይስጠኛ!» አለች ሙሚና፣ ከወንበሩ ብድግ ልትል ዳድቷት። «ልሞክረው፤ በእኔም ላይ ይሞክሩት በይው!»

ሐኪሙ ሳይተረጎምለት ገባው። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ጥናቱ ገና ነው፣ የተሞከረው በጥቂት ሴቶች ነው፣ ይረዳል ብሎ ለመጻፍ ማንም አይደፍርም አለ። ሌላ በመርፌ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ እሱም እዚህ አይገኝም፤ ቢገኝም ዕድሜ ልክ የሚከፈልበት ነው። ዙሌይካ ይህንም ተረጎመች። ከዚያ ሐኪሙ «መ አፕሬ…» ብሎ ጀመረ። ሲያስረዳ ከፍ አድርጎት የነበረውን እጁን ቀስ ብሎ አውርዶ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ረጅም ተናገረ፤ የሚያየውም ዙሌይካን ሳይሆን ሙሚናን ነበር። ያለው ይህ ነው፦ ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ በአንዴ ይወርዳል፣ በሽታውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይመለሳል፤ ካለፈው የከፋ ሊሆንም ይችላል፣ ዳግም ላትነሳም ትችላለች፤ መድኃኒት በሌለበት አገር እንድታረግዝ አልመክርም። ጨርሶ ወደ ዙሌይካ ዞረ፤ እንድትተረጉም።

ዙሌይካ ከንፈሯን አራሰች። «የቀረውን አላህ ያውቃል ነው የሚለው» አለች። ሐኪሙ ያን ሁሉ ንግግር በዚህች አጭር አማርኛ መለወጧ ገርሞት ቅንድቡን አነሳ፤ ግን ውጭ ሰው ተሰልፏል፣ ሰዓቱም ሄዷል። እጃቸውን ጨብጦ ሸኛቸው።

ከክፋት ነው ማለት ይከብዳል። ዙሌይካ ያልወለደች ሴት ናት፤ የሰው ልጅ ስታሳድግ ነው ዕድሜዋ ያለቀው፤ ወንድሟ በአንዲት ልጅ እንዲቀር አትፈልግም። ደግሞም አሁን አዝናለች፤ ከልቧ አዝናለች። ላዘነችላት ሴት ከዚያ ክፍል ይዛላት የምትወጣው አንድ ደግ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱን ቆርጣ ያዘችው፣ የሚከተለውን መራራ ጣለችው። ታክሲ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ገዝታ አጠጣቻት፣ የቀረውን እጇ ላይ አፍስሳ ፊቷን አበሰችላት። ድሬዎች «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሙሚናም ይህችን በእናት ዕድሜ ያለች ሴት «አንቺ» ነው የምትላት፤ ከፊቱ «እትዬ» ብቻ ትጨምራለች።

«እኔ እኮ አላውቅም ነበር» አለች ዙሌይካ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። «አላህ ይይልኝ፣ አላወቅኩም። ምላሴን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር።»

ሙሚና አለቀሰች። ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ከዙሌይካ እንደማይገኝ ታውቃለች። ቆይታ ግን «እትዬ፣ መጨረሻ ላይ አፕሬ ብሎ ምንድነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

«የቱን?»

«እጁን ሲያወርድ።»

«ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ ነው ያለው» አለች ዙሌይካ፤ ለሹፌሩም «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» ብላ ጮኸች፤ ቤታቸው ገና ነበር። ሙሚና ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። አፕሬን ለማወቅ ፈረንሳይኛ መማር አያስፈልግም፤ ባለሱቁ ዱቤ የጠየቀውን የሚመልስበት፣ ጸሐፊዋ ባለጉዳይ የምታባርርበት ቃል ነው፤ «በኋላ» ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ ምን እንደሚመጣ ደግሞ የገዛ ጉልበቷ ነግሯታል። ሐኪሙ የጨመረው ቢኖር ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ብቻ ነው፤ እሱንም ከእጁ አወዳደቅ አይታለች።

ቤት ሲገቡ ጫት የሚገባበት ሰዓት ደርሶ ሰፈሩ እየተተራመሰ ነበር። ዙሌይካ ሳታርፍ ሾርባ ጣደች። ከራሷ ክፍል ማራገቢያውን ነቅላ አምጥታ ሙሚና ራስጌ አቆመችው፤ ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍራሿ ላይ እንዳለች ነፋስ ፊቷን ነካው። አንሶላ ቀየረችላት፣ ትራሷን ደረበችላት። ሾርባውን ስታጎርሳት «ብዪ፣ ሰውነትሽን መልሺ፤ እርጉዝ ጠንካራ መሆን አለባት» አለች። ደግነቱ ለእሷ ነው ወይስ ገና ላልተፀነሰው? ጥያቄው አሳፈራት፤ ግን ነፋሱ ደስ ይላል፣ ሾርባውም ጥሩ ነበር፣ የዙሌይካም እጅ ለስላሳ ነበር። ጠዋት ድሬዳዋ ልትላክ የነበረች ሴት አሁን የቤቱ እንቁላል ሆናለች። ኢማን ከአበዛሽ ቤት መጣች። ግድግዳውን ይዛ እየተውተረተረች መጥታ የእናቷን ጭን መታ መታ አደረገችና ወደ ተከፈተው በር ዞረች። ከበሩ ውጭ ዙሌይካ ለእራት ስትጠብስበት ቆይታ ያወረደችው የፈላ ዘይት ከነድስቱ መሬት ላይ ነበር። ሙሚና «ኢማን!» ብላ ጮኸች፤ ተነስቼ ልያዛት ብላ ገፋች፤ እግሯ አልሰማትም፤ ከፍራሹ ተንሸራትታ በክርኗ ተደፋች። ዙሌይካ ልጅቷን ከደፉ ላይ ብድግ አድርጋ ያዘቻት። ማንም አልተጎዳም። ሙሚና ግን መሬቱ ላይ እንዳለች ቀረች፤ ልጇ የአክስቷን አንገት አቅፋ ከላይ ወደ ታች ታያት ነበር።

ከይረዲን ሊመሽ ሲል ደወለ። ሚሌ ደርሷል፣ ጎማ እያስተካከለ ነው። ስልኩን ያነሳችው ዙሌይካ ናት። «መድኃኒቱ ተገኘ!» አለችው።

«ስንት ነው?» አለ ከይረዲን ወዲያው።

«በነፃ ነው። ያለውም አንተው ዘንድ ነው!» ብላ ዙሌይካ ሳቀች፤ የሰፈር ሴቶችን የምታስቅበት ሳቋ ነው። አሳምራ አስረዳችው፤ ቅመሙን፣ ወታደሮቹን፣ ፊልሙ ላይ ያየችውን ጠባሳ። «እውነቷን ነው የታመመችው፣ ወንድሜ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» ከከይረዲን ጀርባ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ከዚያ ሙሚናን ስጪኝ አላት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሙሚና ጣቶችም ዕቃ ስለማይጨብጡ ዙሌይካ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት፤ የሚባለውን ሁሉ እሷም ትሰማለች።

«እውነት ነው?» አለ።

«እውነት ነው። ሳረግዝ ይተኛል ብሏል።»

«እሺ…» አለ፤ ደስታው ድምፁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ የሹፌር ነገር፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ጠየቀ። «ከወለድሽ በኋላስ? ያለፈው ጊዜ እኮ ከወለድሽ በኋላ ነው የጠናብሽ። እሱን ምን አለ?»

ዙሌይካ ስልኩን የሙሚና ጆሮ ላይ አጥብቃ ጫነችው። ሙሚና ዓይኗን አንስታ አየቻት። አርፎ የማያውቀው አፍ ግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል። ሙሚና እውነቱን ብትናገር ከይረዲን ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ጥሩ ሰው ነው፤ አይነካትም። ሐሙስ ይመጣል፣ አብሯት ያለቅሳል፣ አዝኖ ተጠንቅቆ ድሬዳዋ ይወስዳታል፤ ልጅቷም እዚህ፣ ከሚያነሳት ሰው ጋር ትቀራለች። ማንም ክፉ ሳይሆን ልጇን ታጣለች።

«ምንም አላለም» አለች ሙሚና።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ከይረዲን። «አልሐምዱሊላህ! ሐሙስ ደርሻለሁ።»

ዙሌይካ ስልኩን ዘጋችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ኢማን ሁለቱ መሐል ተኝታለች። ዙሌይካ በእውነት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ገብቶሽ ነበር ለካ» አለች።

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም? እኔ ዋሸሁ፤ አንቺ ለምን ትዋሻለሽ? በራስሽ ላይ?»

«ኢማንን ቆሜ ልሸከማት ብዬ ነው» አለች ሙሚና። «አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ገበያ ልውሰዳት። ታውቀኝ፤ እናቴ ትሄድ ነበር ትበል። ለዘጠኝ ወር ነው። ይበቃኛል።»

«ከዚያ በኋላስ?»

ሙሚና የተኛችውን ልጅ ፀጉር ነካች፤ ጣቶቿ ምንም አልተሰማቸውም።

«ከዚያ በኋላማ አንቺ አለሽ፣ እትዬ።»